«ድ» ለድካም

የጦሳ ጭጋግ ገብቶ፣ ሰሌዳው ሲረጥብ፣
ጠመኔዬን ይዤ፣ ሁለት ፊደል ላስብ፣
አንዱን «ዕ» አልኩት፣ ዕጢ ነውና ስሙ፤
ሌላውን ደግሞ «ጠ»፣ ጠባቂ ነጭ ደሙ።

«ዕ» በራሱ ያድጋል፣ እጥፍ እጥፍ እያለ፣
ቦታ እስኪጠበው፣ ምግቡ እስካልጎደለ።
«ጠ» ከአጥንት መቅኔ፣ በየቀኑ ይወጣል፤
ጠላቱን ሲያሸተው፣ ይበዛል፣ ይመጣል።
ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ብዜት ነው ስሌቱ፤
በወረቀት ብዜት፣ በሥጋ ግን ሞቱ።

አጎቴ እብሬ፣ ከሐርቡ ቆላ መጥቶ፣
ሦስተኛ ፎቅ ተኝቷል፣ መስኮቱን ተጠግቶ።
ጉበቱ ላይ አንድ፣ ሎሚ ያህል ነገር፤
ሐኪሟ ከምስሉ፣ ለክታ ስትናገር፣
«አራት ተኩል ሴንቲ። በታኅሣሥ ሦስት ነበር።»

ያለኝ ሁለት ነጥብ ነው።
ሁለት ነጥብ ለመስመር ይበቃል ይባላል።
ለሰው ግን አይበቃም።

ቢሆንም አሰላሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ሌሊቱ አልቆብኝ፣ አዛን ብሎ ሲወጣ።
ኩርባው ወረደልኝ፣ ሸርተት ብሎ ከላይ፣
በሰኔ አጋማሽ፣ ዜሮ ሊደርስ ጉዳይ።

ከቧንቧ ውሃ ሆስፒታል ድረስ በእግሬ ሮጥኩ።
ወረቀቱን ዘርግቼ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣
«ይኸውልህ» አልኩት፣ ጣቴን በመስመሩ፣ ቁልቁል አሩጬ።

ፊደል አልቆጠረም፤ መስመር ግን ያውቃል፣
የትልም አወራረድ፣ በዓይኑ ይለካል።
ዝም ብሎ አየና፣
«ይሄ ‹ጠ› ያልሽው ሰው» አለኝ፣
«ማሽላ ጠብቆ ያውቃል?

«ግሪሳ ሲመጣ፣ ጧት ወንጭፌ ይጮሃል፤
ድንጋዩ ሳይነካው፣ ድምፁ ብቻ ይበቃል።
በሦስተኛው ቀን ግን፣ ይለምደዋል ወፉ፤
ይዞር ይዞርና፣ ያርፋል ከዘለላው ጫፉ።
ክንዴም የኔ አይደለም። ዓይኔ ክፍት ነው፣ አያይም።
ማማው ላይ ተኝቻለሁ፣
ቆሜ።
አባቴ ከታች ሆኖ፣ ‹እብሬ፣ አለህ ወይ?› ይላል፤
‹አለሁ!› እላለሁ እኔ። ማሽላው ግን ያልቃል።
አለሁ ማለት ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ ነው።
ቁጥርሽ መች ጠየቀ፣ የእህቴ ልጅ፣
ያን ሰው ‹ደከመህ ወይ?› ብሎ?»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
አንድ ፊደል ጨመርኩ፣ ከቀመሬ ሰልፌ።
«ድ» ለድካም።
ከቆሙት ላይ ቀነስኩ፣ ቆመው የተኙትን።

ኩርባው አልወረደም። ጎንበስ አለ፣ ቀና፣
ሽቅብ ተያያዘው፣ እንደ ሐረጎ ጎዳና።
ሁለቱን ነጥቦቼን፣ ሳይስት አለፈ፤
ትክክል ነው ብዬ፣ ያኔ ልቤ አረፈ።
አረፈ አይባልም።
ሰመጠ።

ከግርጌው ግን አንድ፣ ጠባብ ሸለቆ አለ፣
«ጠ»ን የሚያነቃው መርፌ፣ በጊዜ ከተገኘለት፣
እዚያ ወለሉ ላይ፣ ሁለቱም ይኖራሉ፤
ሳይታረቁ፣ ሳይጨራረሱ፣ ሲተያዩ ያድራሉ።
መርፌው ደሴ የለም። ስለ መርፌው ዋጋ፣
ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ አስልቼዋለሁ፤ አልጽፈውም።

ዶክተር ሐያት አየችው፣ መነጽሯን ገፍታ፣
«ሞዴል ነው፣ ሰው አይደል» አለችኝ ቆይታ።
«ይህችን ‹ድ› ግን የት አገኘሻት?»
«ማማ ላይ» አልኳት።

በማግስቱ ገባሁ።
«ጻፍሽው?»
«ጻፍኩት።»
«እና ምን አለ?»
መስኮቱን አየሁ። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ
መስታወቱን ደፍኖታል፤ ከተማ የለም።

«አብሽሪ» አለኝ።
ከዚያ ፊቴን አየ፣ እንደ ማሽላ ማሳ፣ ከዳር እስከ ዳር።
«ስንት ሌሊት ሆነሽ፣ እንዲህ ሳትተኚ?»
እግሮቹን ሰበሰበ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አርጎ፣
ከአልጋው ግርጌ ቦታ ሰጠኝ፣ ከራሱ ላይ ቆርጦ።

«ነይ፣ ጋደም በይ እዚህ።
እኔ እጠብቃለሁ።»